ኪኑዬን እምቢ ያለው ካሜራ

ካሜራው ድመት ያነሳል። የጎረቤታችንን ብስክሌት ያነሳል፤ የእኔን ፊት ከነማድያቱ ቁልጭ አድርጎ ያነሳል። ሚስቴን ግን አላነሳም አለ። እስቲ ይህ ለማን ይነገራል? ብናገር «ማሳጂ ጃጀ» ነው የምባለው። እኔ ደግሞ ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ እንጂ አልጃጀሁም። ኦሳካ ከተማ ውስጥ ዕድሜ ልኬን ታታሚ ስሠራ፣ የሰው ቤት ወለል በዓይኔ ለክቼ የሳር ምንጣፍ ሳገጥም ኖሬአለሁ፤ «ማሳጂ፣ ይኼ አልገጠመም» ያለኝ ሰው የለም። አንዲት የእጅ ካሜራ ናት እንዲህ መላ ቅጤን ያጠፋችው።

ነገሩ የመጣው ከኪኑዬ ልብ ነው። ልቧ ውስጥ ደም የሚያሳልፈው በር አርጅቷል። ደረቷን ከፍተው፣ አሮጌውን አውጥተው፣ ከላም ልብ ሽፋን የተሠራ አዲስ በር ሊገጥሙላት ቀጠሮ ተያዘ። ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው። «አብዛኛው ሰው በሰላም ይወጣል» አለን። አብዛኛው ማለት ሁሉም ማለት እንዳልሆነ እኔም ገባኝ፣ እሷም ገባት። በባቡር ተመለስን። ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀች፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ አስተካክላ አስቀመጠችና «የዩታካ አባት፣ ፎቶ አንሳኝ» አለችኝ።

የምን ፎቶ ብዬ አልጠየቅኋትም። በእኛ ዕድሜ የምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከሬሳ ሣጥኑ በላይ፣ አበባ መሀል የሚቆመው ነው። አስተዋይ ሰው በደህናው ቀን ተነስቶ ያስቀምጠዋል። ያላስቀመጠ እንደ ጎረቤታችን እንደ ወይዘሮ ፉናኮ ይሆናል። ፉናኮ በድንገት ስታርፍ ልጆቿ ቤቱን ቢያገላብጡ አንድ የረባ ፎቶ አጡ። ከጓደኞቿ ጋር ፍል ውኃ ሄዳ ከተነሳችው ላይ ቆርጠው አወጧት። በቀብሯ ቀን አበባ መሀል ቁጭ ብላለች፣ ትከሻዋ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የወንድ እጅ! ለቀስተኛው በሙሉ ዓይኑን እያበሰ የሚያየው ያንን እጅ ነበር። ባሏማ እስከ ዛሬ የማን ነው እያለ ይብሰለሰላል። «እኔ የማንንም እጅ ተሸክሜ አልሄድም» ብላለች ኪኑዬ ያን ዕለት።

ኪኑዬ ደግሞ ሳትሰናዳ የትም የምትሄድ ሴት አይደለችም። በተጋባን ሰሞን ለሽርሽር ወደ ቤፑ ልንሄድ ሻንጣ ይዘን ቆመን፣ የተሰጣው ልብስ ደርቆ ሳይታጠፍ ከቤት አልወጣም አለች። ባቡሩ ጥሎን ሄደ። ጣቢያው ላይ ስጮህባት ረጋ ብላ «ያልጨረሰ ሰው አይሄድም» አለችኝ። እስከ ዛሬም የምትለው ይህንኑ ነው። ጋዙ ሳይታይ፣ አበባው ውኃ ሳይጠጣ፣ ለጎረቤት ሳይነገር፣ አትሄድም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ እሳደባለሁ፤ እሷ ግን ጨርሳ ነው የምትወጣው።

ለሆስፒታሉም እንዲሁ ሆነች። ቦርሳዋን አሰናዳች። እሷ በሌለችበት የምበላውን አብስላ፣ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍላ፣ የማቀዝቀዣውን በረዶ ቤት ሞላችው። የሬሳ ሣጥን ውስጥ የምትለብሰውን ኪሞኖ ቀሚስ እንኳ ሳትቀር አውጥታ ተኮሰችው፣ ከታች መሳቢያ ውስጥ አስተኛችው። እኔ ያን ሳይ ውጭ ወጥቼ ሲጋራ አጨስኩ፤ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ! ስመለስ «እንግዲህ የቀረኝ ፎቶው ብቻ ነው» አለችኝ፣ ጨው ብቻ ነው የቀረው እንደሚባለው።

ካሜራ አጥቼ አይደለም። አንድ ትልቅ አለኝ፤ ሲጫኑት ግን እንደ ቁም ሳጥን በር ይጮኻል፤ ኪኑዬ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ ድርቅ ይላል። እንዳለ መታወቂያ ላይ ያለ ሰው ትሆናለች። በሕይወቷ የምትወደው ፎቶዋ አንድ ነው። በወጣትነታችን ዋካያማ ባሕር ዳር፣ ሥራ ካስተማረኝ ጌታዬ በተዋስኳት ትንሽ ድምፅ የለሽ ካሜራ ያነሳኋት። ነፋሱ ጸጉሯን ፊቷ ላይ በትኖት ትስቃለች። «እንደዚያች ባለችው አንሳኝ» አለች። እሺ፣ ግን የድሮዋ በፊልም ነበረች፤ ፊልም የሚያጥበው የሰፈራችን ሰውዬ ዘግቶ ዛሬ እዚያ ቦታ ጥፍር ይሠሩበታል። ያችኑ ዓይነት በዲጂታል ማግኘት ነበረብኝ፣ ያውም ኪኑዬ ሆስፒታል ሳትገባ።

ኡመዳ ጣቢያ አጠገብ ያለ የአሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ ሺባሙራ የሚባል ሰው አለ። አምሳውን አልፏል፤ ነጭ የጨርቅ ጓንት አድርጎ ነው ዕቃ የሚነካው፤ አፉ ደግሞ ወፍጮ ነው።

«ጋሼ፣ ዕድለኛ ነዎት» አለኝ ገና ቁጭ ሳልል። «ይቺ ዛሬ ጠዋት ነው መደርደሪያ ላይ የወጣችው።»

«እናንተ ዘንድ ሁልጊዜ ዛሬ ጠዋት ነው» አልኩት።

ሳቀ። ጓንቱን ሳብ ሳብ አድርጎ አንዲት ጥቁር፣ እዚህ ግባ የማትባል ካሜራ ፊቴ አስቀመጠ። ሴት ልጁን ሊድር የተቀመጠ አባት ይመስላል።

«አሮጌ ናት ወይስ አዲስ?»

«ሁለቱም ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ወይ ያረጃል ወይ አያረጅም።»

«ልንገርዎት እኮ ነው፣ ጋሼ። አካሏ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ብርሃኑን የሚቀበለው የውስጥ ዓይኗ ግን ተበላሽቶ ነበር፤ ወጥቶ በአዲስና በተሻለ ተተክቷል። ከፈት ዘጋ የምትለው መጋረጃዋ ድሮ ትንጣጣ ነበር፤ እሱም ተለውጧል። እስቲ ይስሙ።» ጠቅ አደረጋት። ድምፁ ሰው ጨው ቆንጥሮ ሲበትን ያህል ነው። «የጀርባዋ መስታወት እንዳይጫር በጠንካራ ተለውጧል። ቆዳዋ አዲስ ነው። የሚያዩባት መስኮት ተፈትታ ተወልውላ የምንጭ ውኃ መስላለች።»

«ታዲያ ከድሮዋ ምን ቀረላት?»

ሺባሙራ አሰብ አደረገ። የምሩን ነው ያሰበው። «ጠባይዋ» አለኝ።

ጠባይ! ግራ ገባኝ። ዓይኗ የሌላ፣ ቆዳዋ የሌላ፣ ጠባይዋ ብቻ የራሷ። ይህን ስገዛ የማንን ካሜራ ነው የምገዛው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ መጠርጠር ሥራዬ ነው። አገላበጥኳት፣ ነቀነቅኳት፣ አሸተትኳት። አዲስ ቆዳና አሮጌ ብረት ትሸታለች። በዚህ መሀል ሺባሙራ አያያዙን ያሳየኛል።

«በሌንሱ አይደለም የሚያዩት፤ ጎኑ ላይ ባለችው በዚች መስኮት ነው። መሀሏ ላይ ሁሉም ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌንሱን በጣትዎ ሲያዞሩት ሁለቱ ይቀራረቡና አንድ ይሆናሉ። አንድ ሲሆኑ ጠቅ ነው። ብርሃኑን እኔ አስተካክልልዎታለሁ።»

ዓይኔን ሰክቼ ሺባሙራን አየሁት። ሁለት ሺባሙራ። «አንዱ አልበቃ ብሎኝ!» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ካሜራዋ ግን ልቤን ወሰደችው። የዋካያማዋን አስታወሰችኝ።

ወደ ዋጋው ገባን። ኦሳካ ተወልዶ በተጠየቀው የሚከፍል ሰው የለም፤ ካለም ዘመድ አይደለም። «ቀንስ» አልኩት። «ከዚህ ከቀነስኩ ሚስቴ ከቤት ታባርረኛለች» አለ። «እኔ ቤት ና፤ በረዶ ቤቱ ሙሉ ምግብ ነው» አልኩት። አልወረደም። እኔም ሌላ ቀዳዳ ፈለግሁ። «እሺ፣ ሌንሷ ራቁቱን ነው ያለው። ክዳኑ የት ሄደ? ሰው ክዳን የሌለው ዕቃ ይሸጣል?» ሺባሙራ እየተነጫነጨ መሳቢያ ጎርጉሮ አንድ ጥቁር ክዳን አወጣና ሌንሱ ላይ ግጥም አድርጎ ከደነው። «ይኸው፣ በነጻ። ጋሼ፣ እርስዎ ጋር ሁለተኛ አልገበያይም።» ያንን ክዳን ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ይዤ ወጣሁ።

ኪኑዬ ካሜራውን ተቀብላ አገላበጠችው። ምን ምኑ እንደተለወጠ ነገርኳት።

«እኔን ነዋ የገዛኸው» አለች። «አሮጌ አካል፣ አዲስ ዕቃ። እኔስ ከለወጡኝ በኋላ ጠባዬ ይቀራል?»

«ምናለ ጠባይሽንም አብረው በለወጡልኝ!»

በጨርቁ መታችኝና ሳቅን። ያን ቀን ደስ ብሎን ዋልን፤ እንዲያውም ሆስፒታሉን የረሳነው መስሎኛል።

በማግስቱ ጠዋት ግራጫ ኪሞኖዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ካሜራውን ራሷ ወልውላ ሰጠችኝ፤ በእኛ ቤት ያልተወለወለ ነገር እጅ አይገባም። ዓይኔን በዚያች ጠባብ መስኮት ለመሰካት መነጽሬን ቀድሜ ወጥ ቤት አውልቄ ትቼዋለሁ። እኔ ያለ መነጽር ሩቁን አያለሁ እንጂ እጄ ላይ ያለው ነገር ጉም ነው። መስኮቷ ግን ጥርት ያለች ናት። ሁለት ኪኑዬ ታዩኝ።

«ሁለት ሆነሻል።»

«ጎሽ፣ አንዷ ምሳ ትሥራልህ።»

ሌንሱን አዞርኩ። ሁለቱ ቀስ ብለው ተጠጉ፣ ገጠሙ። ጠቅ። ደግሜ ጠቅ። ድምፅ ስለሌለው ፊቷ አልደረቀም። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ አንዳንዴም ዝቅ ብላ ካሜራውን እያየች፣ ልክ እንደ ባሕር ዳሩ ሳቀች። እሰይ አልኩ በሆዴ፣ አገኘሁት! «መነጽሬ የት አለ?» ስል «ወጥ ቤት ነው የተውከው፤ አምጣ እኔ ልያዝልህ» ብላ ካሜራውን ተቀበለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ መጣሁ። ቁልፉን ተጫንኩ። ጥቁር። ቀጥሎ ያለውን አየሁ፤ ጥቁር። ሁሉም የከሰል ጆንያ ውስጥ የተነሳ ይመስላል።

«ወይ ጉዴ! ሸወደኝ!»

«አትቸኩል» አለች ኪኑዬ። «አዲሱ ዓይኑ ገና ቤታችንን አልለመደ ይሆናል።»

«ካሜራ ነው እንጂ ሙሽራ ነው እንዴ የሚለምደው!»

በዚያው ንዴቴ ወደ ኡመዳ ልበር አልኩ። ኪኑዬ ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሺባሙራ ሱቅ ገብቼ ደንበኛው ሁሉ እየሰማኝ «አንተ ሌባ! ዓይነ ስውር ካሜራ ለሽማግሌ ትሸጣለህ?» አልኩት። እሱ ቋጠሮውን ፈታ፣ ካሜራውን ወደ ፊቴ አዞረ፣ ጠቅ። ያው እኔ ነኝ፤ አፌን ከፍቼ፣ የአንገቴ ሥር ተገትሮ፣ እያንዳንዷ ማድያት ተቆጥራ። የሱቁ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አየኝ። «ጋሼ፣ ጥቁሩ የቱ ጋ ነው?» አለኝ ሺባሙራ። ካሜራዬን ነጥቄ ጠቀለልኩት። ስወጣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ እርግቦቹን አነሳኋቸው። የእግራቸው ቅርፊት ሳይቀር ይታያል።

ቤት ተመለስኩ። ኪኑዬ ለበሰች፣ ካሜራውን ወለወለች፣ ሰጠችኝ፣ ተቀመጠች። ሁለት ኪኑዬ፣ አንድ ኪኑዬ፣ ጠቅ። መነጽር። ጥቁር።

 ግቢ ወጥቼ ድመቱን አነሳሁ፤ ጢሙ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የጎረቤቱን ብስክሌት አነሳሁ፤ ቁልጭ ያለ ብስክሌት። ያው ካሜራ፣ ያው እጅ፣ ያው ቀን። ኪኑዬ ላይ ሲደርስ ብቻ ይጨልማል። ነገሩ ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ሆነብኝ። ብርሃኑ ነው ብዬ ያው መስኮት ዳር፣ ያው ትራስ ላይ ድመቱን አስቀምጬ ባነሳው ድመቱ ንጉሥ መስሎ ወጣ። ኪኑዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «እሱንም ለቀብሩ ነው?» አለችኝ። አልሳቅሁም።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ፈራሁ። እኔ በሟርትና በጥንቆላ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ግን የተተከለለት አዲስ ዓይን የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያይ ማን ያውቃል? ሁሉን እያየ እሷን ካላየ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው? ከሰዓት በኋላ ኪኑዬ ጋደም ስትል አጠገቧ ሄጄ ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየት ጀመርኩ። አንዴ ዓይኗን ከፈተችና «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «ትንኝ ነበረች» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሌባ ተያዝኩ።

ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት እንደገና ሺባሙራ ዘንድ ሄድኩ። አሁን አልጮህኩም። ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቄ ጠጋ አልኩት። «ስማኝ፤ እንዳትስቅብኝ። ካሜራው ሚስቴን አያነሳም። ሁሉን ያነሳል፣ እሷን ብቻ አያነሳም። ልቧን ሊከፍቷት ነው፤ ፎቶው...»  ሺባሙራ አልሳቀም። ጓንቱን አወለቀና «ገንዘብዎን ልመልስልዎት፤ ምንም ቅር አይለኝም» አለ። ቀጥሎ አንገቱን እያሻሸ «ግን... ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ፤ ክዳኑን ያነሱታል አይደል?» አለኝ።

«ምን? አንተ እኔን ማን አደረግኸኝ? አርባ ዓመት ፎቶ ያነሳሁ ሰው ነኝ!»

«በትልቁ ካሜራ ነዋ! በትልቁ ክዳኑን ከረሱ የሚያዩት ጨለማ ነው፤ ወዲያው ያውቁታል። በዚች ግን የሚያዩባት መስኮት ሌላ፣ ሌንሱ ሌላ። ክዳኑ ተከድኖም መስኮቷ ጥርት አድርጋ ታሳያለች። ይቺን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጉድ ይሆናል። እኔ የገዛ እህቴን ሠርግ ከነክዳኑ አንስቼ ይኸው እስከ ዛሬ አታናግረኝም።»

«አጠገብህ ሰው አልነበረም? ማንም አልነገረህም?»

«ሙሽራው አይቶታል። እንዲህም የሚነሳበት ዘዴ ያለ መስሎት ዝም አለ፣ ጅል! ጋሼ፣ ክዳኑን የማያየው አንሺው ብቻ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውማ እያየው ነው።»

ይህን ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። ክዳኑ ቢኖር ኪኑዬ ታየው ነበር። ኪኑዬ ማለት ወጥ ቤት ሆና የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ያለች ክር የምታይ ሴት ናት። አይታ ደግሞ ዝም አትልም፤ እሷ አይታ ዝም ያለችው ነገር በዚህ ቤት የለም። ስለዚህ ክዳን አልነበረም። ደግሞ መነጽሬን አድርጌ ካሜራውን ስቀበላት ክዳን አይቼበት አላውቅም። ካልነበረ ታዲያ ለምን ይጨልማል? ከነበረስ ማን አነሳው? ይበልጥ ዞረብኝ። የምወርድበትን ጣቢያ አልፌ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ኪኑዬ ግራጫውን ለብሳ ትጠብቀኛለች። «ነገ ሆስፒታል ነው» አለች። «ዛሬ ካልሆነ አይሆንም።» እንደ ልማዷ ካሜራውን ወልውላ ሰጠችኝ። እኔ መነጽሬን አውልቄ ወጥ ቤት የተውኩ መስዬ የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ዓይኔን ሰካሁ። ሁለት ኪኑዬ። ተጠጉ፣ ገጠሙ። ጠቅ አላደረግኩም። ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ፣ መነጽሬን አወጣሁ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩት።

ክዳኑ ቁጭ ብሏል። ተከራክሬ ያመጣሁት፣ በነጻ ያገኘሁት ክዳን።

ኪኑዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችኝ። እንደተያዘ ሕፃን ነው ያየችኝ።

«አንቺ ነሽ?»

ዓይኗን ወደ ክዳኑ መለሰች።

«አንቺ ነሽ ወይ ነው የምልሽ! ያንን ምስኪን በሰው መሀል ሌባ ብዬዋለሁ! እኔ እዚህ ያላሰብኩት ነገር የለም፤ ካሜራው ሞትሽን አይቶ ነው ብዬ... እኔ እኮ... ኪኑዬ! ሰው በባሉ እንዲህ ይጫወታል?»

«እየተጫወትኩ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምንድን ነው? ፎቶ አንሳኝ ያልሽኝ አንቺ! ካሜራ አምጣ ያልሽኝ አንቺ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።» የኪሞኖዋን ጫፍ ታጥፍ፣ ትዘረጋ ጀመር። «ሁሉ አልቋል እኮ። ቦርሳው አልቋል። ምግብህ አልቋል። ኪሞኖው ተተኩሷል። ፎቶው ካለቀ ምን ቀረኝ?» ቀና አለች። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል። «አንተ ታውቀኛለህ። እኔ ጨርሼ ቤት ተቀምጬ አላውቅም። ጨረስኩ ማለት ወጣሁ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስወለውለው ክዳኑ ላይ ነበር፤ ላነሳው ስል እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ይቅርብኝ አልኩ። አንድ ነገር ካልጨረስኩ...» አልጨረሰችውም። «በል እንግዲህ ሳቅብኝ።»

እኔ ምን እስቃለሁ? ያን ሁሉ ጊዜ ስታጥፍ፣ ስትተኩስ፣ ስትከፋፍል ሳያት፣ ይቺ ሴት አትፈራም፣ የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ነበር የምናደደው። ለካ አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ለየብቻችን ስንፈራ ነው የከረምነው። ሰዳቢ አፍ ደግ ነገር ሲፈልግ ባዶ ነው። ተነሳሁና ወጥ ቤት ገባሁ። በረዶ ቤቱን ከፍቼ ከደረደረችው ምግብ አንዱን መዥረጥ አድርጌ አወጣሁ።

ከኋላዬ ሮጣ መጣች። «አንተ! እሱ እኔ ስሄድ የምትበላው ነው!»

«ዛሬ ነው የምንበላው።»

«ይጎድላል እኮ!»

«ይጉደላ! አየሽ፣ አሁን ይኼም አላለቀም።»

ዕቃውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋም ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶዋም ሳቅ ሆነ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁትም። ከነኪሞኖዋ ቁጭ ብላ አሞቀችው፤ የጎመን ጥቅልል ነበር። እሱን በልተን ሌላ ደገምን።

በቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ልጃችን ዩታካ ከናጎያ መጣ። ኪኑዬ ባለ ጎማ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ጸጉሯን በወረቀት ቆብ ሸፍነውባት፣ ሲገፏት አብረን እስከ በሩ ሄድን። ነርሷ «እዚህ ድረስ ነው» አለችና ትንሽ ቆመችልን። ኪኑዬ ትንሽ ሆና ታየችኝ። የእኔን እጅ ያዘች፣ የዩታካን ያዘች፣ ለቀቀች።  ያኔ ካሜራውን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ዓይኗ ሌንሱ ላይ አረፈ። ከዚያ እኔን አየች።

«ቀና በይ» አልኳት መነጽሬን እያወለቅሁ።

«አባባ» አለ ዩታካ በሹክሹክታ፣ «ክዳኑ! ክዳኑን አላነሳኸውም!»

«አንተ ዝም በል።»

ሁለት ኪኑዬ። ዓይኔ ውኃ ስላለው እንዲያውም አራት ሳይሆኑ አይቀሩም። ሌንሱን ቀስ ብዬ አዞርኩ፤ ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ አንድ ሆኑ። ጠቅ። ኪኑዬ ትስቃለች። በዚያ የወረቀት ቆብ ውስጥ፣ ባሕር ዳር እንዳለች ሆና ትስቃለች። ደግሜ ጠቅ አደረግሁ። ነርሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት እሷም ሳቀች። አልጋው ተገፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

ዩታካ ካሜራውን ተቀበለኝና የጀርባውን መስታወት ተጫነ። ጥቁር። ወደ ኋላ ሄደ፤ ጥቁር፣ ድመት፣ ብስክሌት፣ ድመት፣ ጥቁር። ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ፣ እናቴ ያንን ፎቶ አንሳኝ ብላህ ነበር አይደል? ለ... እንዲያው ምናልባት... አንድ እንኳ የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?»

ካሜራውን ተቀብዬው ክዳኑ ጠበቅ ማለቱን በአውራ ጣቴ ነካ አድርጌ አየሁ። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ምንም አናደርግም» አልኩት። «እናትህ ገና አልጨረሰችም።»